ሦስተኛው ሽማግሌ

ብዙነህ ተፈራ መሞቱን የሰማው ከእጃጂ ወደ አምቦ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጌዶን እንዳለፉ ነው። የነገሩት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ክፉ አስበው አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ማወቅ የሚገባውን ማስረዳታቸው ነበር።

«ልጅቷ ምኞት ብዙነህ ትባላለች፤» አሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «ከሙሽራችን ከገመቺስ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ናቸው። እናቷ አለች። አባቷ እንኳ ሞቷል።»

ሰው እንዲህ ሲባል የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ብዙነህም ያንኑ መለሰ።

«ነፍስ ይማር።»

«አሜን። ስኳር ነው አሉ።»

«ስኳር?»

«ኤዬ፣ የስኳር በሽታ።»

ቅር ያሰኘው ይኼ ነው። መሞቱስ ይሁን። ጣፋጭ የሚባል ነገር ግን በሕይወቱ ወዶ አያውቅም፤ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። ለገዛ ሞቱ ስንት ዓመት በአረቄ ደክሞ፣ ድካሙ ሁሉ መና ቀርቶ በስኳር ሞተ ሲባል መስማት ለማንም ደስ አይልም።

ኦቦ ዲንሳ ሟቹ አጠገባቸው መቀመጡን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ብዙነህ እጃጂ የሄደው ለጠበል ነው፤ ጠበል ደግሞ የሚጠራው በክርስትና ስም ነውና ወልደ ሚካኤል ተባለ። ከጠበሉ ሲወጣ ስሙ አብሮት ወጣ። እዚያው የእህል መጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ቀረ፤ አገሬው «ኦቦ ወልዴ» ይለዋል። መጠጥ የማይቀምሰው ስለት ስላለበት ነው ብለው ያምናሉ፤ እሱም አይደለም አላለም። ከስካር ይልቅ ስለት ለወሬ ያምራል።

ለሽምግልናው የታጨው እሱ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ኦቦ ዲንሳ የሙሽራው አጎት፣ ኦቦ ጉዩ ጆሯቸው የደከመ ግን ምርቃታቸው የሚደርስ አዛውንት፣ ሦስተኛው ደግሞ አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ ቄስ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሄደው የጠየቁት እነዚህ ናቸው። ለመልሱ ቀን ግን ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ ደረጃ ላይ ወድቀው ወገባቸውን ያዛቸው። ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይሄድም፤ ኦቦ ዲንሳም ማለዳ መጋዘኑ ድረስ መጥተው «ኦቦ ወልዴ፣ አማርኛህ የመጽሐፍ ነው፤ ዛሬን አብረኸን ዋል» አሉት። ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እሺ አለ። ሰው አምኖ ሲጠራው ገና ብርቅ ይሆንበት ነበር።

ጉደር ላይ እወርዳለሁ ብሎ አሰበ። ሆዴን አሞኛል ቢል ማን ይከለክለዋል? ሚኒባሱ ጉደር ሲቆም ግን አልተነሳም። ምኞትን ካያት ቆይቷል። እንደ አባት አያያትም እንጂ እንደ ሽማግሌ ሊያያት ነው፤ ቤቷ ሊገባ፣ ድምፅዋን ሊሰማ ነው። ይህን ዕድል ዳግም ማን ይሰጠዋል? ሟች መሆኑም የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ከሙት ሰው ማንም ምንም አይጠብቅም። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ ብዙነህም ተቀምጦ ቀረ።

አምቦ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበር። ጥሩ መምህር ነበር፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱም። ጠላቶቹ ሲባል ሚስቱ ብርቅነሽ፣ የሚስቱ ወንድም ወንድወሰንና ርእሰ መምህሩ ናቸው። ጠዋት አንድ መለኪያ ይጠጣል፤ እጁ ጠመኔ መያዝ ስላለበት። ቀትር ላይ ይደግማል፤ የጠዋቱ ብቻውን እንዳይሆን። ማታ ግን የሚጠጣው ያለ ምንም ምክንያት ነው፤ ከቀኑ ሁሉ ሐቀኛው ሰዓት እሱ ነበር። አንድ ጊዜ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ የራሱ ልጅ ያለችበት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ «የምኞት ብዙነህ ወላጅ» ብሎ ተጣርቶ መልስ ቢያጣ፣ ልጆቻቸውን ስለማይከታተሉ አባቶች ረጅም ተግሣጽ ሰጥቷል። ወላጆቹ መሬት መሬት እያዩ ሰሙት። ተግሣጹ ጥሩ ነበር አሉ።

እንዲህ ያለው ያስቃል፤ እሱም ሲያወራው ሰው ያስቅ ነበር። የምኞትን የምርቃት ቀን ግን ለማንም አውርቶት አያውቅም። የኮሮና ዘመን ነው፤ ተመራቂዎቹ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው ሜዳው ላይ ፈሰዋል። ብዙነህ አበባ ይዞ፣ አፉ እንዳይሸት ብሎ ደግሞ ቡና ቅሞ ደረሰ። ልጁን አገኛት፤ አቀፋት፤ አንገቷ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ፤ «የኔ ልጅ፣ የኔ ጀግና» አላት። ልጅቷ የሌላ ሰው ልጅ ነበረች። ከጊንጪ የመጡ ቤተሰቦቿ ጨዋ ሰዎች ናቸውና እንግዳውን አላሳፈሩትም፤ ጭራሽ አብሯቸው ፎቶ ተነሳ። ምኞት ጥቂት ራቅ ብላ ቆማ ሁሉንም አየች። ማስኳን አወረደችና «አባባ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለችው። እሱ ይህን ያስታወሰው በማግሥቱ ነው። ማስኩ ነው ያሳሳተኝ ብሎ ሊሟገት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ሌሎቹ አባቶች ሁሉ የየልጃቸውን ዓይን ብቻ አይተው ለይተዋል። የዚያን ሳምንት ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከአምቦ ወጣ፤ አትሂድ ያለውም አልነበረም።

አምቦ ደርሰው ግቢው በር ላይ የተቀበላቸው ወንድወሰን ነው። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ወፈር ያለ፣ ሱፉ የጠበበው ሰው ነው። ከኦቦ ዲንሳ ጋር ተጨባበጠ፤ ከኦቦ ጉዩ ጋር ተጨባበጠ፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ጤና ይስጥልኝ፤» አለ ብዙነህ። «ወልደ ሚካኤል እባላለሁ።»

ወንድወሰን ይህን ሰው በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ከቦይ አውጥቶት ያውቃል፤ ያውም ደጋግሞ። አሁን ግን ምን ያድርግ? ቢናገር የእህቱ ቤት ውሸት በሽማግሌ ፊት ሊገለጥ ነው፤ ጋብቻውም እዚያው በር ላይ ሊፈርስ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያለ በሆዱ፣ «ወንድወሰን እባላለሁ፣ ይግቡ» አለ።

ሳሎኑ ያው ሳሎን ነው። ሶፋው ተቀይሯል፤ ግድግዳው ላይ የእሱ ፎቶ የነበረበት ቦታ የቅድስት አርሴማ ሥዕል ተሰቅሏል። ለእሷ ቦታ መልቀቁ አላስከፋውም። ብርቅነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ስታየው ፊቷ ክው አለ፤ ከዚያ ግን አንገቷን ሰብራ እንደ ሌሎቹ እኩል ሰላም አለችው። ከጓዳው መጋረጃ በታች የሴት ጫማ ይታያል። ምኞት እዚያ ቆማለች። ብዙነህ ያን ጫማ ላለማየት ጣራ ጣራውን አየ።

«ተቀመጡ እንጂ፤» አለ ወንድወሰን።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም፤» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ለብዙነህም በዓይናቸው ምልክት ሰጡት።

እሱም ተናገረ። ምን ያድርግ፣ ለዚሁ ነው የተጠራው። «ባለፈው መጥተን ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነበር። ቀጠሮ ሰጥታችሁናል፤ ዛሬ መልሱን ልንሰማ በደጃችሁ ቆመናል» አለ። «ልጃችሁን» ሲል ድምፁ ሰለለ፤ ኦቦ ጉዩ አሳል ይዞት መስሏቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ከመጋረጃው ሥር ጫማው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ድምፁን አውቃዋለች።

«ልጅቷ ወዳለች፣ እኛም ወደናል፤» አለ ወንድወሰን ቶሎ ለመጨረስ እየቸኮለ። «በሉ ተቀመጡ።»

«እግዜር ይስጥልን፤» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ሰባት ቤቱን እንቁጠርና እንቀመጣለን። የኛን ባለፈው ቆጥረናል። የናቷንም ሰምተናል። የአባቷ ወገን ነው የቀረው።»

ወንድወሰን ይህን አጥንቶ ነበር፤ ግን ጥናቱ አጭር ነው። ኦቦ ዲንሳ በኦሮምኛ ሊቆጥሩ ጣታቸውን ዘረጉ።

«ብዙነህ፤» አለ ወንድወሰን።

«ቶኮ።»

«ተፈራ።»

«ለማ።»

«ወልደ ጻድቅ።»

«ሰዲ።»

አራተኛው ጠፋው። ወንድወሰን ግንባሩን ጠረገ። «ኃይሉ... መሰለኝ፤» ሲል ብርቅነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እሱም ኃይሉን መልሶ ዋጠው።

ኦቦ ዲንሳ የዘረጉትን ጣት አጠፉ። «ይህ በመሰለኝ አይሆንም። ነገ ከነገ ወዲያ ዘመዳሞች ሆነው ቢገኙስ? ልጆቹንም እኛንም ያስወቅሳል። ችግር የለም፤ እዚሁ አምቦ እናድራለን። የሟቹን ወዳጆች፣ አብረውት ያስተማሩትን፣ እኛው ጠይቀን እንደርስበታለን። መምህር አልነበር? የሚያውቀው አይጠፋም።»

እውነትም የሚያውቀው አይጠፋም። ኦቦ ዲንሳ ከዚያ ግቢ ወጥተው ያገኙትን የመጀመሪያ ሻይ ቤት «መምህር ብዙነህ እንዴት ሞተ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሻዩ ሳይቀርብ ሳቁ ይቀድማል። የት ቦይ እንደተገኘ፣ ማንን አቅፎ እንዳለቀሰ ሁሉ ይነገራቸዋል። መሞቱን ግን የሚነግራቸው አያገኙም። ያኔ ምኞት አባቷን በሕይወት ሳለ የቀበረች ልጅ ትባላለች። ብርቅነሽ መሬት አየች። ወንድወሰን ብዙነህን አየው፤ ዓይኑ ይለምን ነበር። ያን ዓይን ብዙነህ ያውቀዋል፤ ድሮ ለማኙ እሱ ነበር።

«ኦቦ ዲንሳ፤» አለ ብዙነህ። «ሟቹን አውቀው ነበር።»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«አውቀው ነበር? በመኪና ላይ ምነው ዝም አልክ?»

«እሱ መሆኑን እዚህ ስገባ ነው ያረጋገጥኩት። አብረን አስተምረናል። ሲጠጣ ዘሩን መቁጠር ይወድ ነበር፤ ከብዛቱ የተነሳ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ይጠጣ ነበር?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወንድወሰን ዓይኑን ጨፈነ። ብዙነህ ሽማግሌ ሆኖ በሰው ቤት ቆሞ ነበርና መዋሸት ከበደው፤ እስካሁን የዋሸው ይበቃል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ይጠጣ ነበር።»

«ብዙ?»

«ለቤቱ የተረፈ ነገር እስከማይኖር ድረስ።»

ኦቦ ዲንሳ አዘኑ። «እስኪሞት ድረስ?»

«ከሞተ ወዲህ እንኳ አልቀመሰም።»

ኦቦ ዲንሳ የሰው ቤት ሐዘን መሆኑን ረስተው ሳቅ አፈናቸው፤ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ብርቅነሽ ግን አልሳቀችም። ብዙነህን ትኩር ብላ አየችው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል፤ ማመኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ስንት ጊዜ «ተውኩት» ብሏታል።

ብዙነህ ቆጠረ። የወልደ ጻድቅ አባት ደስታ፣ የደስታ አባት ሀብቴ፣ ኦቦ ዲንሳም በጣታቸው «አፉር፣ ሸን» እያሉ ተከተሉት። «የሀብቴ አባት ቱፋ» ሲል ብርቅነሽ ቀና አለች፤ ይህን ስም በትዳሯ ዘመን ሁሉ ሰምታው አታውቅም። የብዙነህ አባት ከሰሜን ሸዋ የመጣን ነን ሲል ነበር የኖረው፤ ኦሮሞውን ቱፋን አያነሳውም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ብዙነህ ስለ ቱፋ የሚያወራው ግሮሰሪ ውስጥ ብቻ ነበር።

«የቱፋ አባት ጉዴ፤» ብሎ ጨረሰ። «የደንዲ ሰዎች ናቸው።»

«ጀአ፣ ቶርባ። የደንዲ ቱፋ ጉዴ።» ኦቦ ዲንሳ ጎሳውን ጠየቁት፤ ነገራቸው። ጣታቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ምንም የማይሰሙት ኦቦ ጉዩ እንኳ ይህን ሰምተው ጆሯቸውን አቀረቡ። ሁለቱ በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ አንድ የሩቅ ዘመድ አነሱና መልሰው ጣሉት።

«በዝምድና አይደርሱም፤» አሉ ኦቦ ዲንሳ በመጨረሻ። «ጋሪ፣ መልካም ነው። ተቀመጥን።»

ተቀመጡ። ኦቦ ጉዩ መረቁ፤ ረጅም መረቁ፤ ሁሉም አሜን አለ። ምኞት ተጠርታ ወጣች። ከስታለች፤ ወይም አድጋለች፤ ብዙነህ መለየት አቃተው። የኦቦ ዲንሳን ጉልበት ሳመች፤ የኦቦ ጉዩን ሳመች። እሱ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለችና ግንባሯ ጉልበቱን ነካ፤ ሱሪው ላይ የእንባዋ እርጥበት ተሰማው። ሊመርቃት ፈለገ፤ ከሚያውቀው አማርኛ ሁሉ አንድም ቃል አልመጣለትም። በዚያች ደቂቃ እውነትም ሞቶ ቢሆን ደስ ባለው ነበር።

ይህን ሁሉ አልፎ ያበቃ መሰለው። ያላበቃው ነገር በወንድወሰን እጅ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተጣራ ዳግም አረቄ በመለኪያ ሳይሆን በትልቅ ብርጭቆ ሞልቶ መጣ።

«እኛ ዘንድ ቃል የሚታሰረው በአንድ ብርጭቆ ነው፤» አሉ ኦቦ ዲንሳ ለባለቤቶቹ። «ሽማግሌ ሁሉ ከዚያችው ይቀምሳል። ያልቀመሰ ግን በጋብቻው ልቡ አልረጋም ማለት ነው።» ቀመሱ፤ ፊታቸውን አኮማተሩ፤ ለኦቦ ጉዩ ሰጡ። ኦቦ ጉዩ ከመቅመስ አልፈው ጎነጩና ለብዙነህ አሳለፉት።

«ኦቦ ወልዴ፣ ስለትህን አውቃለሁ፤» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ለዛሬ ብቻ ከንፈርህን አስነካ። እግዜር ለጋብቻ ሲሆን ይቅር ይላል።»

ብርጭቆውን ያዘ። ሽታው ከእጁ ቀድሞ አፍንጫው ውስጥ ገባና በሩን ከፍቶ እንደሚገባ አሮጌ ወዳጅ ውስጡ ተቀመጠ። እሱ ዘንድ ከንፈር ማስነካት የሚባል ነገር የለም፤ ከንፈሩ ከነካ ነገ ጠዋት የት እንደሚነቃ አያውቅም። ባይቀምስ ደግሞ የልጁ ጋብቻ በእሱ እጅ ይሰበራል። ብርቅነሽ ብርጭቆውን እንጂ እሱን አታይም።

ከሁሉ የከፋውን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ደስ ብሎታል። ለመጠጣት ምክንያት አጥቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ የተቀደሰ ምክንያት ግን አግኝቶ አያውቅም። ለልጁ ሲል ሊጠጣ ነው። ምራቁ አፉን ሞላው፤ በራሱ አፈረ፤ ብርጭቆውንም ወደ አፉ አነሳው።

ምኞት ገና ከአጠገቡ አልተነሳችም። እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደችው።

«አባባ አይጠጣም፤» አለች።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ኦቦ ጉዩ ስላልሰሙ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ዲንሳ ግን ሰምተዋል። «አባባ ያልሽው ማንን ነው?»

«እሱን። አልሞተም። ሞቷል ብዬ ለገመቺስ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እማዬ አይደለችም። አፍሬበት ነው።» አረቄው እጇ ላይ እየፈሰሰ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ሦስተኛውን ሽማግሌ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱና ቆሙ። ኦቦ ጉዩም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ቆሙ። ብዙነህ ልቡ ተሰበረ። ጠጥቶ ስንት ነገር አፍርሷል፤ ይህን ግን ሳይጠጣ አፈረሰው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አብሯቸው ሊወጣ፣ ሚኒባስ ተራ እስኪደርሱ የሚሉትን ሁሉ ሊሰማ ከሶፋው ብድግ ማለት ጀመረ።

ኦቦ ዲንሳ ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ እሱ ዞሩ። ቁጣው ከፊታቸው ገና አልለቀቀም።

«አቶ ብዙነህ፤» አሉ። «ያታለሉንን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። እስካሁን ግን የጠየቅነው ያልሆነውን ሰው ኖሯል። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ብዙነህ ግማሽ እንደተነሳ ቀረ። ወደ በሩ አየ፤ ወደ ልጁ አየ። ያን ጊዜ ብርቅነሽ፣ ከገባ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ቃል ያልወጣት ብርቅነሽ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ተናገረች።

«ምን ያስነሳሃል? ተቀመጥ እንጂ፤ አንተን እኮ ነው የሚጠይቁት።»